ግራፍ የሚስል ካልኩሌተር ለዘጠነኛ ክፍል
ነገር የተበላሸብኝ ርዕሰ መምህራችን በእርዳታ የመጡትን ግራፍ የሚስሉ ካልኩሌተሮች ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ እጅ ሰብስበው ግምጃ ቤት ያስቆለፉባት ሰኞ ነው። «ገና ልጆች ናቸው፤ ጭንቅላታቸው ይሰንፋል» አሉ። በመምህራን ስብሰባ ላይም ተማሪ የሚያሰንፍ መምህር ብለው ስሜን አነሱት። ሂሳብ በዲግሪ ተምሬ የመጣሁ ሰው ነኝ። ዓመታት አልፈዋል፤ ንግግራቸው ግን እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ከዱባይ ያመጣችልኝን አንድ ካልኩሌተር ይዤ ክፍል ገባሁ። ተማሪዎቹ የኤክስ ስኩዌርን ግራፍ መጀመሪያ በእጃቸው ሳሉ፤ እንደ ጎድጓዳ ሳህን የጎበጠ መስመር ወጣላቸው። ከዚያ ማሽኑን ሰጠኋቸው። አንዱ ልጅ ቁልፎቹን ሲነካካ ዘመም ያለ፣ ግን ቀጥ ያለ መስመር አወጣ። «ቲቸር፣ ይሄ ዕቃ ዋሸ!» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ሞላው። ከጉና ሥር የመጣች ልጅ ተቀብላ አየችውና «አልዋሸም፤ በጣም ተጠግቶ ስላየ ነው» አለች። «እኛ ደጃፍ ሆኜ ጉናን ሳየው ዳገት ብቻ ነው። ሙሉውን ተራራ ያየሁት ደብረ ታቦር ስመጣ ነው።» ምስሉን አራቀችው፤ የጎበጠው መስመር ብቅ አለ። ሳቁ ቆመ፤ ሁሉም ማሽኑን ለማየት ተሻማ። ከስንት ዓመት በኋላ በዚያ ክፍል ውስጥ ደስ አለኝ።

ጋሼ፣ ዛሬም ርዕሰ መምህር እርስዎ ነዎት። እኔ በእጃቸው መሳል በቻሉ ማግስት ይሰጣቸው እላለሁ። ለዚህች ልጅ ገና ነው ካሉ፣ ጊዜው መቼ ነው? ዝም አይበሉኝ፤ ይመልሱልኝ።