ማግኔት የማይይዛት ፒካፕ

ክብርት ወይዘሮ ልዕልት፣ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ፤ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤ ለእኔ ብላችሁ ከወልድያ ድረስ መርሳ የወረዳችሁ የዞን ሰዎች፤ አንቺም ወርቅዬ፣ ባለቤቴ፣ በሩ አጠገብ የተቀመጥሽው።

ከሁሉ አስቀድሜ አመሰግናለሁ። ለምሳው፣ ለመልካም ቃላችሁ፣ ለጋቢውም። በጋቢው ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ጋቢ የሚሰጠው አርፎ ለሚቀመጥ ሰው ነው። እኔን ታውቁኛላችሁ አይደል? ንብረት ክፍል ውስጥ የወንበሬ እግር የተሰበረው ከክብደቴ ብዛት ነው እንዴ? እዚያው ተቀምጬ ስወዛወዝ ነው እንጂ!

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ዓይኔ መስኮቱ ላይ ነው። መኪናዋ ውጭ ቆማለች። ፀሐይ ላይ ስለነበረች ቁልፉን ለሾፌራችን ለዓሪፍ ሰጥቼው ዋርካው ሥር አዙሮ አቁሞልኛል። ውርጌሳ ላይ አንድ ገበሬ ቲማቲሙን ለቅሞ፣ በሣጥን አድርጎ፣ አስፋልቱ ዳር እየጠበቀኝ ነው። በመኪናዋ ለምጀምረው የጭነት ሥራ የመጀመሪያ ጭነቴ ነው። ኪሴ ውስጥ የሚንቀጠቀጠው ስልክ የእሱ ነው። ጠዋት ደውሎ «ኧረ ይምጡልኝ፣ ቲማቲም እኮ ስብሰባ አያውቅም!» ብሎኛል።

ስለዚህ አሳጥራለሁ። ቢያንስ እሞክራለሁ።

ሁላችሁም አንድ ጥያቄ ስትጠይቁኝ ሰንብታችኋል። «ጡረታህ ገና፣ ማንም አልነካህ፣ ለምንድን ነው ሥራህን የምትለቀው?» ትሉኛላችሁ። መልሱ አለኝ። ግን በቀጥታ አይመጣልኝም፤ በመኪናዋ በኩል ዞሬ ነው የምደርስበት።

የገዛኋት ዕለት ትዝ ይላችኋል? መንገድ ሊሠራ መጥቶ የነበረ አንድ ድርጅት ዕቃውን እየሸጠ ሲወጣ፣ ወልድያ ግቢው ውስጥ ቆማ አየኋት። ነጭ፣ ትልቅ፣ የአሜሪካ ሥሪት። ታዲያ እኛ አገር ማን ብቻውን ሄዶ መኪና ይገዛል? ግማሹ መሥሪያ ቤት ተከትሎኝ ሄደ። የሒሳብ ክፍሉ መላኩ ከተበላሸ ስፒከር የፈታትን ማግኔት በኪሱ ይዞ መጣ። ያገለገለ መኪና ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ማግኔቱ ከያዘ ብረት ነው፤ ካልያዘ መኪናዋ ተገጭታ ቀዳዳዋ በስቱኮ ተሞልቷል ማለት ነው።

መላኩ ማግኔቷን በሩ ላይ ለጠፋት። ወደቀች። ኮፈኑ ላይ ለጠፋት። ወደቀች። ጎኑን ሞከረ፣ ጣሪያውን ሞከረ፣ ጭነት መጫኛውን ዞሮ ዞሮ ሞከረ። እያጎነበሰ ሲያነሣት ሸሚዙ በላብ ራሰ። በመጨረሻ ቀና አለና ምን አለ? «ጋሼ ተፈራ፣ እንሂድ! እኔ እንዲህ ያለ ጉድ አይቼ አላውቅም። ይቺ መኪና ሙሉ በሙሉ ስቱኮ ናት!»

አመንነው እኮ! ዓሪፍ «ወላሂ፣ ሳትፈርስ እዚህ መድረሷ ይገርማል» አለ። እርስዎም ወይዘሮ ልዕልት፣ አይዘንጉት፣ «እግዜር ነው ያወጣህ» ብለውኛል። ተያይዘን ልንወጣ በሩ ጋ ስንደርስ የግቢው ጥበቃ ሳቁ አመለጠው። «ወንድሞቼ፣ አካሏ አሉሚኒየም ነው እኮ! አሉሚኒየምን ማግኔት ይይዘዋል እንዴ?» አለን።

መላኩ ግን የሚሸነፍ ሰው አይደለም። «ይኸው ነው የፈራሁት» አለ፣ «ሰውዬው ድስት ሊገዛ ነው!»

ከዚያን ቀን ወዲህ ስሟ ድስቷ ሆኖ ቀረ። መርሳ ገበያ ስገባ «ድስቷ መጣች!» ይሉኛል። ክዳኗን የት እንዳስቀመጥኩት የሚጠይቀኝም አለ።

እሺ፣ ገዛኋት። ነገ ከመካከላችሁ አንዱ እንዲህ ያለች መኪና ፊት መቆሙ አይቀርምና ያየሁትን ልንገራችሁ።

አትዝግም። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ዓሪፍ የሚነዳት የመሥሪያ ቤታችን መኪና ወለሏን ዝገት በልቶት «እኔ እኮ ፍሬን ስይዝ አስፋልቱን በእግሬ ሥር አየዋለሁ» ይለኝ ነበር። የእኔዋ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ስትጠጣ ከርማ ምንም አልሆነችም። ግን እኔ፣ የንብረት ሰው ነኝ ባዩ፣ የጭነት ማሰሪያ ልግጠምባት ብዬ ተራ የብረት ብሎን አሰርኩባት። ጥቂት ቆይቶ የብሎኑ ዙሪያ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ያወጣ ጀመር። ብረትና አሉሚኒየም እርጥበት ባለበት ሲነካኩ አይስማሙም ለካ። መሃላቸው ጎማ ማስገባት ነበረብኝ።

አካሏ ቀላል ነው። ጭቃ ውስጥ ስትገባ ሰው ገፍቶ ያወጣታል። በሐምሌ ዝናብ ሌላው መኪና ትራክተር ሲጠብቅ እኔ በሦስት አርሶ አደር ትከሻ ወጥቻለሁ፤ ዕድሜ ይስጣቸው። ሞተሯ ግን የቤንዚን ነገር አይሆንላትም። አካሏን ቀነሰች እንጂ መጠጧን አልተወችም። የወልድያ ማደያ ሰልፍ ላይ ስንት ሰው ተዋውቄያለሁ መሰላችሁ!

ደግሞ ቆዳዋ ስስ ነው። ወልድያ መናኸሪያ አካባቢ አንድ ባጃጅ ወደ ኋላ ሲመለስ በሯን ነካ አደረጋት። ባለባጃጁ ወርዶ የራሱን አየ፤ ጭረት እንኳን የለውም። የእኔን በር አየና ራሱን ያዘ። «ጋሼ፣ ይሄ ጉድጓድ ድሮም የነበረ ነው አይደል?» አለኝ። ምን ልበለው? በባጃጅ ተሸነፍኩ ብዬ ክስ ልመሥርት?

ንጉሴ ዘንድ ወሰድኳት። ወልድያ ውስጥ የተጣመመ ላሜራ በማቃናት የሚደርስበት የለም። መዶሻውን አነሣ፣ አንዴ መታ፣ ሁለተኛውን ሳይመታ ተወው።

«ጋሼ፣ ብረት ቢሆን እሺ ይለኝ ነበር» አለ። «ይሄ አጉል ከነካሁት ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ የምበይድበት መሣሪያ የለኝም። ደሴም ኮምቦልቻም ላሉ ጓደኞቼ ደውያለሁ፤ እነሱም የላቸውም። አዲስ አበባ ይዘዋት መውጣት ነው።»

«እስከዚያው ምን ይሻለኛል?»

«እስከዚያው ላለመጋጨት ይሞክሩ።»

ይሄ ምክር ነው? ሳቁ፣ ግዴለም። እኔም በማግስቱ ስቄያለሁ። ዕለቱን ግን ከወልድያ መርሳ ድረስ መሪውን አንቄ ነው የመጣሁት። ያለኝን በሙሉ ያስገባሁት እሷ ላይ ነው። አንድ ከባድ ግጭት ከገጠማት በቅርብ የሚያድናት ሰው የለም። ደሞዜንም ትቼ ወጥቻለሁ። እፈራለሁ፤ ለምን እዋሻችኋለሁ?

አሁን በዚህ ዓለም ላይ የሚመኛት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቁራሌው። በደጄ ባለፈ ቁጥር ይቆምና በጣቱ ቆርቆር ያደርጋታል። «ጋሼ፣ አሉሚኒየም ከብረት ተፈላጊ ነው። የሰለቸችዎ ቀን ለሌላ እንዳይሰጡብኝ፣ አደራ!» ይለኛል። እኔ ሥራ ልጀምርባት ስል እሱ ቀብሯን ይጠብቃል።

ስልኩ እንደገና ተንቀጠቀጠ። እሺ፣ ወደ ዋናው ልምጣ።

ወርቅዬ እስከ ዛሬ ድስቷ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ልታስተምር ትምህርት ቤት የምትሄደው በእግሯ ነው፤ ወልድያ ስትወጣም በሚኒባስ ነው። መጀመሪያ ያመጣኋት ዕለት ወጥታ ዞር ዞር ብላ አየቻትና «ድስት ከሆነችማ ቦታዋ ኩሽና ነው» ብላ ሳቀች። የዚያን ዕለት ሳቋ ነበር። ሥራዬን ልለቅ አስቤያለሁ ያልኳት ዕለት ነው ሳቁ የጠፋው።

የቤታችንን ነገር ልንገራችሁ። ትንሿ ልጃችን ቃልኪዳን ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። እኔ ከሥራ እገባና ጫማዬን ሳላወልቅ ግቢውን እዞራለሁ። ቧንቧውን ከፍቼ እዘጋለሁ። ደህና የነበረውን የበር ማጠፊያ እፈታለሁ። ወርቅዬ የተማሪዎቿን ደብተር ከምታርምበት ቀና ትልና «ተቀመጥ እንጂ ሰውዬ!» ትለኛለች። እቀመጣለሁ። ሻዩ ሳይቀዳ ተነሥቻለሁ።

እና ያን ሥራ እለቃለሁ ያልኳት ዕለት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጠየቀችኝ። «የምትሸሸው ከምንድን ነው? ከወንበሩ ነው ወይስ ከእኔ?»

እኔ ደግሞ ግቢ ወጥቼ የመኪናዋን ጎማ ነፋሁ። ጎማው አየር አልጎደለውም ነበር።

ወርቅዬ፣ አሁን ልመልስልሽ። ፊትሽን እያየሁ አይሆንልኝም፤ ወደ መስኮቱ ዞሬ ልናገር።

ከአንቺ ብሸሽ ኖሮ ሞተር ሳይክል ነበር የምገዛው። የገዛሁት ከፊት ሰፊ ወንበር ያላትን ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መስኮት በሌለው የዕቃ ክፍል ውስጥ ለሾፌሮች ጎማ አውጥቼ ሰጥቻለሁ። «የት ልትሄዱ ነው?» እላቸዋለሁ። «ቆቦ» ይሉኛል፣ «ላሊበላ» ይሉኛል። ፈርመው ይወጣሉ፤ እኔ በሩን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ምሽት ላይ አንቺና ልጆቹ ጋ ስመጣ ግን ቤቱ በልጆች ጫጫታ የተሞላ ነበርና ይረሳኛል። ቃልኪዳን ስትሄድ ያ የዕቃ ክፍል ተከትሎኝ ቤቴ ድረስ የመጣ መሰለኝ። የፈራሁት እሱን ነው። ጸጥታውን ነው። አንቺንማ እንዴት ብዬ እሸሻለሁ? ከማን ጋር ልሄድ? የመጀመሪያው መንገዴ ውርጌሳ ነው፣ የእናትሽ አገር። ብቻዬን መሄድ አልፈልግም። ነይ፣ አብረን እንሂድ።

ይኸው ነው መልሱ። አሁን መዞር እችላለሁ...

የት ሄደች? አሁን እዚህ አልነበረችም? ወንበሩ ባዶ ነው እኮ። ወጣች ነው የምትሉኝ?

ኧረ እኔ ምን ነካኝ! የቤት ነገር ሰው ፊት ይወራል? በዝምታ የቻለችኝን ሴት ማይክ ይዤ አሳፈርኳት። አብሽር አትበለኝ ዓሪፍ፤ እንዴት ብዬ ልበሽር?

በቃ፣ ልጨርስ። ንግግሩም ከእጄ ወጥቷል። ወይዘሮ ልዕልት፣ አንድ ነገር ልለምንዎት፤ በእኔ ቦታ ለሚመጣው ሰው መስኮት ያለው ክፍል ይስጡልኝ። መላኩ፣ ማግኔትህ መሳቢያዬ ውስጥ ናት፤ ውሰዳት፣ ግን መኪና የሚገዛ ሰው ጋ እንዳትደርስ። ዓሪፍ፣ ወንድሜ፣ በዱዓህ አትርሳኝ፤ እኔም ባለሁበት አልረሳህም...

ማነው ክላክስ የሚነፋው? የድስቷ ድምፅ ነው! ማነው? ዓሪፍ፣ ቁልፉን ለማን ሰጠኸው? እስኪ ድገመው።

ሰማችሁት? «እትዬ ወርቅዬ አሁን ሲወጡ ተቀበሉኝ» ነው ያለው።

እስኪ ከመስኮቱ ፈቀቅ በሉልኝ። እውነትም! የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ እጇን ዘርግታ ክላክሱን ይዛዋለች። አታዩአትም? «ተቀመጥ እንጂ» ስትለኝ የኖረችው ሴት እኮ ናት!

ክቡራትና ክቡራን፣ ጊዜ የለኝም። ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ። ቤታችሁ ጫጫታ አይጣ። እኔን የቻለ ትዕግሥታችሁን ፈጣሪ በጤና ይክፈላችሁ። ጡረታችሁ በደህና ይድረስ፤ አገራችን ሰላም፣ መንገዱም ሰላም ይሁን። የበደልኳችሁ ካለ ይቅር በሉኝ። ጋቢውን አቀብሉኝ፤ ለእሷ ጉልበት መሸፈኛ ይሆናል።

ደገመችው! መጣሁ ወርቅዬ፣ መጣሁ!

አትነሡ፣ ግዴለም። እናንተ ተቀመጡ።