ፈፋው ቀድሞ ይዘጋል

ዝናቡ ከጀመረ አራተኛ ቀኑ ነበር። አቶ ደባልቄ ጆንያ እንደ ገሳ ደፍተው በበለስ ወንዝ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ቆመዋል። ይህን ሥራ ከጀመሩ አርባ ክረምት ሆኗቸዋል። በየክረምቱ ወንዙ የደረሰበት ቦታ ላይ አንድ ድንጋይ ይተክላሉ። ድንጋዮቹ ከወንዙ አፋፍ እስከ ዋርካው ድረስ ተበታትነው ይታያሉ፤ የዋርካውን ሥር ያለፈ ግን አንድም የለም። ከዋርካው እስከ ደጃፋቸው ሰማንያ እርምጃ ነው። እሱንም ቆጥረውታል።

የፓዌ መንደሮች ከሠፈራው ዘመን ጀምሮ የሚጠሩት በቁጥር ቢሆንም፣ ይህችን አሥራ ሁለት ቤት ያላትን ጥግ ሰው ሁሉ ‹ዋርካው ሰፈር› ይላታል። ክረምት ሲበረታ የሰፈሩ ሰው ወንዙን አያይም፤ የደባልቄን ደጅ ያያል። እሳቸው ካልተነሡ ማንም አይነሣም። ይህ ክብር ነበር፤ ሸክምም ነበር። እሳቸው ክብሩን እንጂ ሸክሙን አስበውት አያውቁም።

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በጭቃው መንገድ ላይ ሞተር ሳይክል እየገፋች ከምትመጣ ወጣት ጋር ተገናኙ። ሕሊና ናት፤ የጎረቤታቸው የካሣዬ ልጅ። የተፈጥሮ ሀብት ተምራ ወረዳ ውስጥ ትሠራለች፤ የዝናብ መለኪያዎችን እያነበበች ትመዘግባለች።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሼ ደባልቄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሞተሩ አንቺን ይሸከማል ሲሉ አንቺ እሱን ትሸከሚያለሽ እንዴ?»

«ዛሬ ተራው የእኔ ነው» አለች ሕሊና፤ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ፊቷ ግን ሦስት ቀን ያልተኛ ሰው ፊት ነበር። «አባቴን ላይ ነበር የመጣሁት። እርስዎን ቀድሜ ማግኘቴ ግን ሳይሻል አይቀርም። ሰፈሩ ዛሬ ወደ ትምህርት ቤቱ ጉብታ መውጣት አለበት።»

ደባልቄ በረጅሙ ተነፈሱ። ‹ውጡ› የሚለው ቃል ገና ሳይጨርሱት ያደክማቸዋል።

«ውሃው ከዋርካው ሥር ሁለት ክንድ ይቀረዋል። አሁን ለክቼው መምጣቴ ነው። ሥሩን የነካ ዕለት እወጣለሁ፤ ሳይነካው አልወጣም።»

«እዚህ የዘነበውን ነው የሚለኩት፤ ደጋው ላይ በሦስት ቀን የዘነበው የዚህ እጥፍ ነው። እሱ ገና መንገድ ላይ ነው።»

«አምናም እንዲሁ ነበር ያልሽው።»

«ብያለሁ።»

«ወጣን። ሁለት ቀን ጉብታው ላይ ብርድ ጠጣን። ውሃው የት ደረሰ?»

«ዋርካው ጋም አልደረሰ።»

«የጎረቤታችንን የታምሩን በቆሎ ማን በላው?»

«ዝንጀሮ» አለች ሕሊና ዐይኗን ሳትሰብር። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ደጋው ላይ የዘነበው በአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እኔ በሁሉም ቦታ መሰለኝ። ዘንድሮ አራት ቦታ አስነብቤ ነው የመጣሁት። ቢሆንም ሊያምኑኝ አይገደዱም።»

ይህ መልስ ደባልቄን አስገረማቸው። የተማረ ሰው ስህተቱን ሲያስተባብል እንጂ ሲያምን ብዙ አላዩም። ስለዚህ ለማንም ያልተናገሩትን ነገር፣ ዝናቡ ጆንያቸው ላይ እየወረደ፣ ለእሷ ነገሯት።

«ስሚኝ ልጄ። በሰባ ሰባት ወሎ ሳለሁ ካድሬዎቹ መጡ። ‹ለጊዜው ነው፣ ዝናብ ሲዘንብ ትመለሳላችሁ› አሉን። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ስመለስ እንዳላጣው ብዬ ማረሻዬን ከጎታው ሥር ቀብሬ ወጣሁ። አየሽ፣ አምኛቸው ነበር። ይኸው አርባ ዓመቱ፤ ማረሻው እዚያው ነው። እዚህ መጥተን ግማሹን በወባ ቀበርን፤ የቀረነው ጫካ መንጥረን ቤት ሠራን። ያኔ ለራሴ ማልኩ፦ ደባልቄ ከእንግዲህ በሰው ቃል ከቤቱ አይወጣም። በዐይኑ ያየ ዕለት ብቻ።»

ሕሊና የሞተሩን እግር ድንጋይ ላይ አቆመችና ከዛፍ ሥር ተጠጋች።

አንዳንድ ሰው ሽማግሌን ሲመክር የሽማግሌውን ቁስል እንደ ድንቁርና ይቆጥረዋል። ቁስል ግን ድንቁርና አይደለም፤ በአንድ ወቅት የተገኘ እውቀት ነው። ችግሩ ያ እውቀት ለሌላ ዘመንና ለሌላ አደጋ ሲውል ነው። ልጅቷ ይህን የተረዳች ይመስላል።

«ዋሽተውዎታል» አለች። «አልዋሹም ልልዎ አልችልም። ግን ያኔ መውጫውንም መመለሻውንም የወሰነልዎ ሌላ ነው። ዛሬ ሁለቱም በእጅዎ ናቸው። ከጉብታው ላይ ደግሞ የቤትዎ ቆርቆሮ ይታያል። ደግሞ በዐይኔ ልይ ማለትዎን አልነቅፍም፤ የእኔም ሥራ እሱ ነው። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሚያዩት ትክክለኛውን ውሃ ነው?»

«ሌላ ምን ውሃ አለ?»

«ሥሩ ሲነካ እወጣለሁ ብለዋል። በየት በኩል?»

«በመንገዱ ነዋ። ሌላ በየት አለ?»

«መንገዱ ከሰፈሩ ጀርባ ፈፋውን ይሻገራል። ፈፋው ሲሞላ ዋርካው ላይ ውሃው የት ይደርሳል?»

ከአራት ዓመት በፊት የሆነ ነገር ትዝ አላቸው። ጥጆች ማዶ ቀርተው፣ ፈፋው ሞልቶ፣ እናቶቻቸው ሲጮኹ አድረው ነበር። ያን ዕለት የተከሉት ድንጋይ ከዋርካው በታች አንድ ክንድ ላይ ነው። ወንዙ ሲሞላ ፈፋውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ከጉብታው የሚወርደው ጎርፍ ይጨመርበታል።

«እንጃ» አሉ። ስለ ውሃ ተጠይቀው እንጃ ሲሉ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። «ፈፋው ላይ ድንጋይ ተክዬ አላውቅም።»

«እንሂድና እንትከል።»

ደባልቄ ከአጥራቸው አንድ ቀርከሃ መዝዘው በየስንዝሩ በቢላ ጫሩበትና ሁለቱም ወደ ፈፋው ወረዱ። ውሃው ቁርጭምጭሚት ይሸፍናል። ልጆች የሚዘሉት ውሃ ነው። ቀርከሃውን ዳር ላይ ተከሉት፤ ሕሊና በስልኳ ሰዓት ያዘች።

«እማማ ብዙወርቅ እንዴት ናቸው?» አለች እየጠበቁ፤ የደባልቄን ባለቤት ማለቷ ነው።

«ጉልበቷ እንደዚያው ነው። ከግንቦት ወዲህ አልቆመችም።»

«ጤና ጣቢያ ሲወስዷቸው ከቤት እስከዚህ ፈፋ ስንት ሰዓት ፈጀባችሁ?»

«ምን ሰዓት ያስፈጃል? ሩብ ሰዓት።»

«መንገዱን አይደለም የምጠይቅዎ። ‹እንውሰዳት› ካሉበት ጀምሮ።»

ደባልቄ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ታምሩን ለመጥራት፤ ታምሩ እርሻ ሄዶ ነበር። ሌሎች ሁለት ሸካሚ ለመፈለግ፤ ቃሬዛውን ከጣሪያ ለማውረድ፤ ገመዱ በስብሶ ሌላ ለመፈለግ፤ እሷን ለማሰር። «አንድ ሰዓት ተኩል» አሉ በመጨረሻ፤ ቁጥሩ ከራሳቸው አፍ መውጣቱ ደስ ሳይላቸው። «በበጋ።»

በዚህ መሐል የደባልቄ ስልክ ጮኸ። ማህጁብ ነው፤ ሰሊጥ የሚገዛቸው የአሶሳ ነጋዴ። ለገበያ ወደ ወንዙ ላይኛ አገር ወጥቶ ነበር።

«አያ ደባልቄ፣ አሁን አንተ የት ነህ?»

«ቤቴ አጠገብ። ምነው?»

«ወላሂ፣ እዚህ ድልድይ ውሃ በላችው። እኔ ራሴ ቆሜ አየሁ። መኪና ሁሉ ቆመ። አንተ ውጣ። ሚስት ይዘህ ውጣ። ሰሊጥ ተወው፣ ሰሊጥ ሌላ ዓመት አለ፣ ኢንሻላህ።»

«እሺ ወንድሜ። አንተስ ደህና ነህ?»

«እኔ ደህና። እኔ ተራራ ላይ ነኝ፤ ሞኝ አይደለሁም።»

ደባልቄ ስልኩን ኪሳቸው ሲከቱ ሕሊና ቀርከሃውን እያየች ነበር። ግማሽ ሰዓት አልፏል። ውሃው አንድ ስንዝር ወጥቶ የቅልጥም መሐል ደርሷል፤ ድምፁ ግን ያው ነው። አያቶች ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ይህን ነው፤ ሰው የሚፈራው የሚጮኸውን ወንዝ ነው፤ መንገዱን የሚቆርጠው ግን ይህ ዝምተኛው ነው።

«ቃሬዛ የያዘ ሰው እስከ ምን ድረስ ይሻገራል?» አለች።

«ወገብ ከደረሰ እግር አይቆምም።»

«ወገብ ስንት ስንዝር ቀረው?»

«ሦስት።»

«ሦስት ስንዝር በግማሽ ግማሽ ሰዓት...»

«አንድ ሰዓት ተኩል» አሉ ደባልቄ። የቀረው ጊዜና የሚያስፈልገው ጊዜ እኩል ነበር። ዋርካው ሥር ሁለት ክንድ ደረቅ መሬት ገና አለ።

«እንግዲህ» አሉ ደባልቄ፤ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «አርባ ዓመት የበሩን ፊት ስጠብቅ ጓሮውን ረስቼዋለሁ።»

ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው ወይዘሮ ብዙወርቅ መደቡ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ የታሰረ ጥቅል አለ፤ ቃሬዛው ከጣሪያ ወርዷል።

«ብዙወርቅ፣ ልንወጣ ነው።»

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ታስሯል። ቃሬዛውን ታምሩ አወረደልኝ፤ ገመዱንም አዲስ አደረገው።»

«እና ምነው ሳትነግሪኝ?»

«አንተ ድንጋዮችህን ስትጠይቅ ከረምክ» አለች ብዙወርቅ በዝግታ። «እኔን መች ጠየቅኸኝ? መሸሽ የማልችለው እኔ፤ የመሸሻውን ቀን የሚቆርጠው ዋርካ። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር። ለማንኛውም ሸካሚዎቹን ጥራ።»

ደባልቄ አቀረቀሩ። ከዚያ ያገሩ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ሊያደርጉ አሰቡ። ቤት ባዶ አይተውም፤ አንድ ወንድ ለጥበቃ ይቀራል፤ ልማዱ ይህ ነው።

«እናንተ ውጡ። እኔ ቤቱን እጠብቃለሁ።»

«ደግ» አለች ብዙወርቅ። «ታምሩ አንዱን ጫፍ ያዘ። ካሣዬ ሁለተኛውን። ጎረቤታችን በኃይሉ ሦስተኛውን። አራተኛውን ቤቱ ይያዝልኝ?»

ሕሊና ፊቷን ወደ በሩ አዞረች፤ ሳቋን ለመደበቅ ነው። ደባልቄም ወደ በረቱ ሄዱ። በሬዎቹን ፈትተው አስቀድመው ነዱ። ማረሻቸውን ከሞፈሩ ነቅለው በፌስታል ጠቀለሉና ማገሩ ላይ፣ እጃቸው እስከሚደርስበት ከፍታ፣ በሽቦ ሰቀሉት። በሩን ገጥመው ሲወጡ አሥራ አንዱ ጎረቤት ደጃቸው ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ሁሉም ወደ ቤቱ ገብቶ ልጁንና ጥቅሉን ይዞ ወጣ።

ቃሬዛው ተዘጋጅቶ፣ ሸካሚውም ቅርብ ስለነበረ ግማሽ ሰዓት ተርፎላቸዋል። ፈፋውን ሲሻገሩ ውሃው ጭን ላይ ደርሶ ነበር። ደባልቄ አራተኛውን ጫፍ ይዘዋል፤ የስድሳ ሁለት ዓመት ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ብዙወርቅ ከላይ ሆና «ቀስ፣ ድንጋይ አለ በግራ» እያለች ትመራቸዋለች። የመጨረሻው ቤተሰብ ሲሻገር ሕሊና በገመድ ነበር የጎተተቻቸው። ከዚያ በኋላ ያን ፈፋ በሬም አልደፈረው።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከጉብታው ሆነው ወንዙ የዋርካውን ሥር ሲነካ አዩ። በደባልቄ ምልክት መሠረት የመውጫው ሰዓት ያን ጊዜ ነበር። ፈፋው ከተዘጋ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። እሳቸው ይህን በጣታቸው አሰሉ። ሳይመሽ ውሃው ሰማንያውን እርምጃ ጨርሶ መስኮት ላይ ደረሰ።

በስድስተኛው ቀን ተመለሱ። የአራት ቤት ግድግዳ ወድቋል፤ ጎታ ሙሉ እህል በስብሷል፤ የታምሩ ፍየሎች የሉም። ሰው ግን ተቆጥሮ ሙሉ ነው። ደባልቄ ጭቃውን በአካፋ እየከፈቱ ገቡና ቀና አሉ። ማረሻው ማገሩ ላይ ነው። ፌስታሉ እንኳ አልተቀደደም። አወረዱት፤ ጭናቸው ላይ አድርገው ብዙ ጊዜ ተቀመጡ።

በመስከረም የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ አዲስ ደንብ አወጣ። የምልክቱ ቦታ ከዋርካው ወደ ፈፋው ተዛወረ። በተተከለው ወፍራም ቀርከሃ ላይ ደባልቄ ሦስት ቀለበት ቀረጹ። ውሃው የመጀመሪያውን ሲነካ በሽተኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ አራስና ከብት ይወጣሉ፤ ሁለተኛውን ሲነካ ሁሉም ይወጣል፤ ለጥበቃ የሚቀር ወንድ የለም። ሦስተኛው ከተሸፈነ ግን መሻገር ክልክል ነው፤ ያኔ የቀረ ሰው ቢኖር ለነፍሱ የሚሻለው እዚያው ከታምሩ ቤት ጀርባ ያለው ከፍታ ላይ ቆይቶ መጠበቅ ነው። መውጣት ብልህነት የሚሆነው መንገዱ ክፍት ሳለ ነው፤ መንገዱ ከተዘጋ መቆየት ነው ብልህነቱ። ለእያንዳንዱ የማይራመድ ሰው አራት ሸካሚ ገና በበጋ በስም ተመደበ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የመውጫው ቀን የሚቆረጠው በጠንካራው እግር ሳይሆን በደካማው እግር እንዲሆን ተስማሙ። ይህን ያስጻፈችው ብዙወርቅ ናት።

በተከታዩ ሐምሌ ውሃው ሁለተኛውን ቀለበት ነካ፤ ሰፈሩ ወጣ። ወንዙ ግን ዋርካው ጋ ሳይደርስ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን በጭቃ ወደ ቤታቸው ሲወርዱ ታምሩ በበቆሎው መሐል የዝንጀሮ ዱካ አየና ቆመ።

«ጋሼ፣ እኛ በወጣን ቁጥር እነሱ ይገባሉ። ምናልባት ቀርከሃውን የሚያነቡት እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም።»

«ይሆናል።»

«አይደክምዎትም? ሲወጡ፣ ሲመለሱ?»

«ደክሞኛል፣ ታምሩ። በጣም ደክሞኛል» አሉ ደባልቄ።

በሩን ገፍተው ገቡ። እጃቸውን ወደ ማገሩ ዘርግተው ማረሻውን አወረዱ፤ ፌስታሉን ፈትተው ዝገት እንዳለው ለማየት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። የለውም። ከዚያ በሬዎቹን ለመጥመድ ወጡ።