ባልዲ ውስጥ የገባው ፈተና

የተከበራችሁ የጓደኛዬ ቤተሰቦች፣ የተከበሩ ዳይሬክተራችን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ ከኋላ ተጠጋግታችሁ የቆማችሁ ልጆቼ፤ ቆማችሁ ስለምትሰሙኝ አመሰግናለሁ። አላስረዝምም። የሂሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ወሬ ማስረዘም አልችልበትም። ተማሪዎቼ ግን ሌላ ሊሏችሁ ይችላሉ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። አዝኛለሁ። ከዚህ ሰው ጋር ሃያ ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ደብተር አርመናል። ግን ከሐዘኔ እኩል እፎይ ብያለሁ። ቀብር ላይ እንዴት እፎይ ይባላል ትሉኝ ይሆናል። ምክንያቱን ልንገራችሁና እናንተም እፎይ በሉ።

ልጆቹ ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቃላችሁ። ቲቸር ኩኩሉ። ሳይንስ ያስተምር ነበር፣ እያስተማረ ደግሞ ያታልል ነበር። ኧረ እያታለለ ያስተምር ነበር ብል ይሻላል።

አንድ ጊዜ ክፍሉ ገብቼ እንድታዘበው ተመደብኩ። ኋላ ወንበር ላይ ኮስተር ብዬ ተቀመጥኩ። እሱ ጓንት አድርጎ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ይዞ ገባ። ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በጥንቃቄ ከፈታትና ጥጥ ላይ ጠብ ጠብ አደረገ። ሽታው ሲደርሳችሁ እጃችሁን አንሱ አላቸው። ፊት ያሉት አነሱ። መሃል ያሉት አነሱ። አንዷ አፍንጫዋን ያዘች። አንዱ ራሴን አመመኝ አለ። ሽታው ወደ እኛ ወደ ኋለኞቹ መጣ። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? አነሳሁ።

ጠርሙሱን አንስቶ ግጥም አድርጎ ጠጣው። ውሃ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሌላው ስላነሳ ብቻ እጃችሁን አታንሱ፣ አፍንጫችሁን እመኑ አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ አየና ምክሩ ታዛቢያችንንም ይጨምራል አለ።

ቀልዱ ሕግ ነበረው። ማንም ልጅ እንደተታለለ ከክፍሉ አይወጣም። ደወል ሳይደወል ኩኩሉ ይላል፣ እውነቱ ይወጣል፣ ሁሉም ይስቃል። ያልሳቀ ካለ አጠገቡ ሄዶ ተናደድክ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ስንት ዓመት እንዲህ ሠራ? ስንቶቻችሁ በዚህ ተማራችሁ? እዚህ ሽበት አውጥታችሁ የቆማችሁም አላችሁበት።

ከዚያ የባልዲው ቀን መጣ።

የፈተና ወረቀት ታቅፎ፣ ውሃ የሞላ ባልዲ አንጠልጥሎ ገባ። ውጤታችሁ አሳፍሮኛል፣ ሁላችሁም እንደገና ትፈተናላችሁ አለና ወረቀቱን እየቀደደ ባልዲው ውስጥ ነከረው። ወረቀቱ የአምና ነው። የልጆቹ ፈተና መሳቢያው ውስጥ በሰላም ተቀምጧል። ሊያሳያቸው የፈለገው፣ የተነከረ ወረቀት ላቁጦ እንዴት ተመልሶ ወረቀት እንደሚሆን ነው። እውነቱን ሊነግራቸው አፉን ሲከፍት ደወሉ ጮኸ። አስቸኳይ የመምህራን ስብሰባ ተጠርቶ ተማሪ ያለጊዜው ተለቀቀ። በር ላይ ቆሞ «ቀልድ ነው፣ ቀልድ ነው» አለ። ብዙዎቹ ሰሙት። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ አንዲት ጎበዝ ልጅ ግን እንባዋ እንዳይታይባት ቀድማ ወጥታ ነበር።

ቤቷ አልገባችም። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። መቀሷን ጥላ ሰፈሩን ስታስስ አመሸች። እኛም ስንፈልግ አመሸን። ይህ ሰው ያን ዕለት እንደሮጠው በሕይወቱ ሮጦ አያውቅም። ልጅቷን ያገኘናት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ የውሃ ታንከሩ ሥር ተቀምጣ ነው። ብርድ መቷት ነበር እንጂ ደህና ነበረች። በማግስቱ እናትየዋ ግቢያችን ገባች። ያልተናገረችው ነገር የለም። ማን ይፈርድባታል?

ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ ወለደ። መምህር ከተማሪ ጋር በማናቸውም ሁኔታ እንዳይቀልድ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። አሁን ትስቃላችሁ፣ ያኔ ግን አያስቅም ነበር። የስፖርት አስተማሪያችን ኳስ የሚወረውር መስሎ ሳይወረውር ስለቀረ ቢሮ ተጠራ። የቋንቋ አስተማሪያችን የሚያስቅ ታሪክ ስታነብ መስኮት ትዘጋ ነበር። ጓደኛዬ ደግሞ ከክፍል ወጥቶ የመጻሕፍት መጋዘን ገባ። በአንዲት ትንሽ መስኮት መጽሐፍ ይሰጣል፣ መጽሐፍ ይቀበላል። ሁለት ዓመት።

ትምህርት ቤቱ አበዛው ወይስ አላበዛውም? ስትጨቃጨቁበት ሰምቻለሁ። ከመቃብሩ ራስ ላይ ሆናችሁም ዛሬ ጠዋት ስትጨቃጨቁበት ሰምቻለሁ። እሱ ምን ይል እንደነበር ልንገራችሁ። እኔ ሻዬን ይዤ መጋዘኑ እየሄድኩ ሁላችሁንም ሳማችሁ ነው የከረምኩት። እሱ አያማም። አንድ ቀን ቱግ ብዬ በደሉህ እኮ አልኩት።

«ልጅ ጠፍታ አምሽታለች፤ ዝም ቢሉኝ ነበር የሚገርመኝ» አለኝ።

«ታዲያ እንዲህ የሚያከሳህ ምንድን ነው?»

«ጥፋቴ ሳልጨርሰው ልጆቹን መልቀቄ ነው። እነሱ ግን እሱን ትተው ቀልዱን ቀጡት።»

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላወራም። በሽታው ሲመጣ ግን አወራ። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ እንደሌለው በነገረው ሰሞን፣ መጽሐፍ እየደረደረ፣ ፊቱን ሳያዞር «ሞቱን ችዬዋለሁ፤ እዚህ መጋዘን ውስጥ ሆኜ ግን አይሁን» አለኝ። እውነቴን ነው፣ ከበሽታው ይልቅ ይሄ ያስፈራኝ ነበር። ሌሊት እየነቃሁ አምላኬ ድረስለት እል ነበር።

ማን ደረሰለት? እኛ ጓደኞቹ አይደለንም። እኛ እንነጋገርበት እየተባባልን ስንነጋገር ነበር። የደረሰችለት ልብስ ሰፊዋ ናት። ልጇ ይህ ሰው ከመጋዘን ይውጣልኝ እያለች እናቷን ስትነዘንዛት ከርማለች። አንድ ጠዋት እናትየዋ ዳይሬክተራችን ቢሮ ገባች። እኔም ጠመኔ ልወስድ ገብቼ እዚያው ነበርኩ። አልተቀመጠችም።

«እኔ ያመለከትኩት ልጄ እንዳትጠፋ ነው እንጂ ሰውዬው እንዲጠፋ አይደለም» አለች።

የተከበሩ ዳይሬክተር፣ ላሳፍርዎ ሳይሆን ላመሰግንዎ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ኮሚቴ ይጠራ ነበር። እርስዎ ተነሥተው ማስታወቂያውን በገዛ እጅዎ ነቀሉት። በምትኩ ቀልድ የጀመረ መምህር ተማሪ ከክፍል ሳይወጣ ይጨርስ የሚል አጭር ነገር ለጠፉ። ይኸው ነው። ይህችን ለመጻፍ ሁለት ዓመት ፈጀብን።

የተመለሰ ቀን እስከ ክፍሉ በር አብሬው ሄድኩ። ከስቷል፣ የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል። ልጅቷ ያለችበት ክፍል ነው የተሰጠው። በሩን ሲከፍት ክፍሉ ባዶ ነው። ሰው የለም፣ ቦርሳ የለም፣ ደብተር የለም። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። «ወላጆች አስቀሩብኝ» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ። በሩን እንደያዘ ቀረ። ምን አደረግነው፣ ምነው መጋዘኑ ውስጥ በተውነው አልኩ በልቤ።

ያኔ ከጎን ካለው ቤተ ሙከራ አንዲት ድምፅ «አልነጋም» አለች። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት።

ቀስ ብሎ ዞረ። «ኩኩሉ» አለ። ነጋ ብለው ግር ብለው ወጡበት፣ ክፍሉ በአንዴ ሞላ። ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ፣ ወንበር ተደግፎ ሳቀ፣ እኔም ከእሱ ጋር እየሳቅኩ አለቀስኩ። ልጅቷ አጠገቡ ሄዳ ቲቸር ተናደዱ ወይ ብላ ጠየቀችው። አልተናደድኩም ብሎ ራሱን ነቀነቀላት። ከዚያ ጠመኔውን አነሳና ማስተማር ጀመረ።

እፎይ ያልኩት ለዚህ ነው። አቅሙ እስከቻለ ድረስ አስተማረ፣ መቆም ሲያቅተው ተቀምጦ አስተማረ። እናንት ልጆች፣ ኮሚቴም ማስታወቂያም ያልመለሰለትን ሳቅ እናንተ መለሳችሁለት። እናንተም እፎይ በሉ። ልብስ ሰፊዋ እህታችን፣ አንቺም እፎይ በይ። ለልጅሽ መጮኽሽ ልክ ነበር፣ ለእሱ መጮኽሽም ልክ ነበር። የተከበሩ ዳይሬክተር፣ እርስዎም እፎይ ይበሉ፤ በጊዜው ደርሰዋል።

አንቺ ባለቤቱ፣ እህቴ፣ የነገርሽኝን ልናገረው ነው፤ አትቆጪኝ። የመጨረሻ ጊዜ ሆስፒታል ስታስገቢው መዝጋቢዋ ሥራው ምንድን ነው ብላ ጠየቀችሽ። ድምፁ ደክሞ ነበርና ልትመልሽለት ስትይ እጅሽን ያዘሽ። ቀና ብሎ ራሱ መለሰ። «አስተማሪ ነኝ» አለ።

ወንድሜ፣ ደህና ሁን። ክፍልህን ነገ እኔ እገባበታለሁ። ቀልድ እንደማላውቅበት ታውቃለህ፣ ልጆቹ ይችሉኛል። አንተ ግን እፎይ ብለህ ተኛ። ከመጋዘን አይደለም የሸኘንህ፤ ከክፍልህ ነው።