ልጅ አይቆጠርም

ሥራዬ ሰው መቁጠር ነው። የሥነ ሕዝብ ተመራማሪ ነኝ፤ ወባ የትኛው ሰፈር እንደሚበረታ፣ ማንን ቶሎ እንደሚጥል ስከታተል ነው ዕድሜዬ ያለፈው። ታዲያ አንድ ጊዜ ከጌዶ ከተማ ቁልቁል ወርጄ፣ ቆላው ውስጥ ኦቦ ቶሎሳ ከሚባሉ ገበሬ ደጅ ቁጭ ብያለሁ። "ስንት ልጆች አሉዎት?" አልኳቸው። "ዋቃ ይመስገን፣ አሉ።" "እሺ፣ ስንት ናቸው?" "ልጄ፣ ከብትም ልጅም አይቆጠርም፤ የሰው ዓይን ይበላቸዋል" ብለው ድርቅ አሉ። ጨነቀኝ። አጎበር የሚታደለው በቤተሰቡ ቁጥር ልክ ነው፤ ቁጥር ከሌለ ልጆቹን የወባ ትንኝ ሲነድፋቸው ሊያድር ነው። ይህንኑ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና ወደ ጓሮ ዞረው ይጣሩ ጀመር። "ጫላ! ለሊሴ! ቦንቱ! ሁላችሁም ኑ፣ እንግዳ ሰላም በሉ!" ልጆቹ እየተግተለተሉ መጡ። "እንግዲህ እኔ ጠራሁ እንጂ አልቆጠርኩም" አሉኝ ኦቦ ቶሎሳ። እኔም አንገቴን ደፍቼ በሆዴ ቆጠርኩና ጻፍኩ።

ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ "አንቺስ፣ ስንት ወልደሻል?" አሉኝ። እስኪ እኔን እዩኝ! ስንቱን ቀበሌ ስቆጥር የኖርኩት ሴት፣ "እግዜር ይመስገን፣ አሉኝ" አልኩ። አዴ ጫልቱ በሳቅ ፍርስ አሉ። "በይ ስማቸውን ጥሪ፤ የአንቺንም እኛ በሆዳችን እንቆጥርልሻለን!"