ሰው አታብዢ ያሉኝ አከራዬ

ከደብረ ማርቆስ ዳር፣ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ አንድ ክፍል ቤት ስከራይ፣ አከራዬ እትየ የሻረግ ቁልፉን የሰጡኝ «ሰው ካበዛሽ ትወጫለሽ» ብለው ነው። እሺ ብዬ ገባሁ። የማርያም ማኅበራችንን ጽዋ ግን ያለፈው ወር የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ፤ ጽዋ የተቀበለ ደግሞ ቤት ጠበበኝ ብሎ አይመልስም። ጠላዬን ተደብቄ ጠነሰስኩ። በዋዜማው እትየ የሻረግ ደጃፌ ላይ ቆመው «ይኼ ሽታ የምንድን ነው?» አሉኝ። በልቤ እቃዬን እየሸከፍኩ «ነገ የማርያም ማኅበር አለብኝ፤ አሥራ ሁለት ሴቶች ከነንስሐ አባታችን ይመጣሉ» አልኳቸው።

ክፍሌን ዞር ዞር ብለው አዩትና «እዚህ የበግ ጎረኖ ውስጥ ነው ማርያምን የምታስተናግጃት?» ብለው የሳሎናቸውን ቁልፍ እጄ ላይ አኖሩት። በማግስቱ ከማኅበርተኞቹ ጋር ተቀምጠው በሉ፣ ጠጡ። መጨረሻ ላይ «ለሚመጣው ወር ጽዋውን ማን ይውሰድ?» ሲባል ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና «ለእኔ ስጡኝ» አሉ። ሴቶቹን ሸኝቼ ስመለስ በሩ ላይ ጠበቁኝ።

«ስሚ» አሉኝ፣ «የዛሬው ሰው አንሷል። ለእኔው ጊዜ ጨምረሽ ጥሪ።»