ስፌት፤ የጋሽ ልክ ዜና ሕይወት

ወዳጅ ዘመዶቻችን፣ ከየቤታችሁና ከየሥራችሁ ተነሥታችሁ እዚህ ስለቆማችሁልን ከልብ እያመሰገንን፣ የአንድ ልብስ ሰፊ የስልሳ ዘጠኝ ዓመት ታሪክ በአጭሩ እንድትሰሙን እንለምናለን። በአጭሩ ማለታችን ለወጉ ያህል ነው፤ ሟቹ ራሳቸው ጨዋታ ከጀመሩ ማሳጠር የሚያውቁት ሱሪ ብቻ ስለነበረ፣ ስለ እርሳቸው ሲነገር ቸኩሎ መጨረስ አደራ መብላት ይሆናል። አንባቢው የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ነው።

ከአናጢ አባታቸውና የሰው ልብስ እያጠቡ ቤት ይደግፉ ከነበሩት እናታቸው፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ በሚገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት የተወለዱት ሟች፣ ከአምስት ልጆች ሦስተኛው ነበሩ። አባታቸው ሙያቸውን ሊያወርሷቸው ቢጓጉም የመጋዝ ብናኝ ደረታቸውን እያፈነ ስላስቸገራቸው፣ እንጨት ላይ የተማሩትን መለካት ወደ ጨርቅ አዞሩት፤ ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱም ሙያ ትምህርት ቤት ገብተው ከሁለት ዓመት በኋላ በልብስ ስፌት የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። ሜትር ሳይዘረጉ የሰውን ቁመትና ወገብ በዓይናቸው ብቻ ስለሚያውቁ ሰፈሩ «ጋሽ ልክ» ብሎ ሰየማቸው፤ የወጣላቸው ስምም ያው ሆኖ ቀረ። ሰላምታቸው እንኳ የሚጀምረው ከትከሻ ነበር፤ ጤናው የታወከ ሰው ሐኪም ዘንድ ከመሄዱ በፊት «ወገብህ ሁለት ጣት ቀንሷል፤ ምን ሆነሃል?» ብለው ይጠይቁት ነበር።

በፋርማሲውና በጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ መካከል የከፈቷት ሱቅ፣ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅባት ጠባብ ነበረች። ሁላችን ሲስተር የምንላቸው ነርሷ ባለቤታቸው ወደዚች ሱቅ የገቡት የሥራ ጋውናቸውን ሊያሳጥሩ ነው። ልክ ስተው የማያውቁት ሰው ያን ጋውን ግን ሦስት ጊዜ ሳቱ፤ አንዴ እጅጌው ረዘመ፣ አንዴ ትከሻው ጠበበ፣ አንዴ ቁልፉ ተዛነፈ። በአራተኛው ምልልስ ሲስተር «ወንድሜ፣ የሚለኩት ጋውኑን ነው ወይስ እኔን?» ብለው ጠየቁ፤ በሁለቱ መካከል ነገሩ በዚያው አለቀ።

በእኛ ቤት ግን በቀላሉ አላለቀም። ይህ አንባቢ፣ ያኔ አፉ ከልቡ የሚቀድም ጎረምሳ፣ «እህቴ በመርፌ ሰው ታድናለች፤ እሱ በመርፌ ቁልፍ ይተክላል» ብሎ በሰው ፊት ተናገረ። ጋሽ ልክ ሰምተው ሳቁ፣ ቂምም አልያዙም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሳቸውን «የሲስተር ጓዝ» እያሉ መጥራት ልማዳቸው ሆነ። ሁላችንም እንደ ቀልድ እንሰማው ነበር። ሙሉ በሙሉ ቀልድ እንዳልነበረ የታወቀው ቆይቶ ነው።

ተጋብተውም ሁለት ሴት ልጆች ወልደው፣ አንደኛዋ የሒሳብ መምህርት፣ ሁለተኛዋ የኤሌክትሪክ ባለሙያ እስኪሆኑ ድረስ አስተማሩ። ሟቹ ሃምሳ አራተኛ ዓመታቸውን በያዙበት ወቅት፣ ቀዶ ሕክምና በማይገኝባቸው ወደቦች እየቆመ ድሆችን በነጻ የሚያክም አንድ የሆስፒታል መርከብ በጎ ፈቃደኞች እንደሚፈልግ በቤተ ክርስቲያናቸው ተነገረ። ከዚያ ቀን በኋላ ሲስተር የመርከቡን ነገር ደጋግመው ያነሡ ጀመር፤ ጋሽ ልክም ይህን አይተው «ልብሽ ከሄደ አንቺም ሂጂ፤ ሻንጣሽን እኔ እይዛለሁ» አሏቸው። ልጆቻቸው «ጥሎ የሚወጣው ልጅ ነው ሲባል ሰምተን ነበር፤ የእኛ ቤት ደግሞ እናትና አባት ሊኮበልሉ ነው» እያሉ ሳቁባቸው። መርከቡ ባልና ሚስትን የሚቀበለው ግን ሁለቱም የየራሳቸው የሥራ ቦታ ሲኖራቸው ብቻ ነበር።

እንግዲህ ማመልከቻውን ሲሞሉ፣ ሙያ በሚለው ቦታ ላይ ጋሽ ልክ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሕፈታቸው «ስፌት፤ የሠላሳ ሁለት ዓመት ልምድ» ብለው ጻፉ። ወረቀቱን ወደ ውጭ ቋንቋ የመለሰው የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ፣ ጉዳዩ የሆስፒታል፣ ሚስትየዋም ነርስ መሆናቸውን አይቶ፣ የሚሰፋው ነገር ቁስል እንጂ ሱሪ ይሆናል ብሎ አልጠረጠረም፤ ባልየውን የቀዶ ሕክምና ረዳት፣ ቁስል በመስፋት የተካኑ አድርጎ ጽፎ ላከ። መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ፤ እንዲህ ያለ ልምድ ያለው ሰው ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው የሚል ምስጋናም ነበረበት። ለልብስ ሰፊ ይህን ያህል ክብር ይሰጣል ብለው አስበው የማያውቁት ጋሽ ልክ፣ ሲስተር ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ እንዲያነቡላቸው አደረጉ።

መርከቡ በገቡ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዋናው ቀዶ ሐኪም እጃቸውን ጨብጠው ወደ መታጠቢያው ክፍል ወሰዷቸው፤ ስማቸው በሁለተኛው ጠረጴዛ ተረኞች መካከል ተጽፎ ነበር። እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስታጥበው አረንጓዴ ጋውን ሲያለብሷቸው የእንግዳ አቀባበል መስሏቸው በትሕትና ታዘዙ፤ የእጅጌው ጠርዝ መተርተሩን አይተውም ለራሳቸው በልባቸው ያዙት። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው፣ መብራቱንና ጠረጴዛውን ቃኝተው፣ «የስፌት መኪናው የት ነው?» ብለው ጠየቁ። ደግነቱ ታማሚው ገና አልገባም ነበር። ሐኪሙ ቋንቋው ስላልገባቸው ሲስተርን አስጠሩ፤ ሲስተርም ባላቸውን በአፍ መሸፈኛና በአረንጓዴ ልብስ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ቆመው ባዩ ጊዜ፣ ማስተርጎሙ ቀርቶ በሳቅ ግድግዳ ተደግፈው ቀሩ።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ነገሩ ከባድ ሆነ። መርከቡ ላይ የልብስ ሰፊ ቦታ አልነበረም፤ እያንዳንዱ አልጋ ለሠራተኛ የተመደበ ስለሆነም፣ አስተዳዳሪዋ እያዘኑ፣ ነገር ግን ሳያወላውሉ፣ ጋሽ ልክ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቦታቸውን ለሚመጣው ሰው ለቀው እንደሚመለሱ ነገሯቸው። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራቸው አንድም ሳምንት ተለያይተው የማያውቁት ሲስተር «አንተ ከሄድክ እኔም እሄዳለሁ» አሉ። ጋሽ ልክ ግን ወደቡ ላይ በፀሐይ የተሰለፉትን ሕሙማን በመስኮቱ እያሳዩ «እነዚህ ሁሉ የመጡት ላንቺ ነው። ጓዝ ይመለሳል፤ ሰው ይቀራል» ብለው እምቢ አሉ። ይህን ሲናገሩ አልሳቁም። ያ ቀልድ ስንት ዓመት ምን ተሸክሞ እንደኖረ ሲስተር ያን ጊዜ አወቁ።

እስከሚመለሱ ድረስ በልብስ ማጠቢያው ክፍል አንሶላ እንዲያጥፉና ለሕሙማን ክፍሎች እንዲያድሉ ታዘዙ። የተጣመመ እግራቸው በቀዶ ሕክምና ተቃንቶ ከታፋ እስከ ጣት በጄሶ የታሰሩ ሰዎች ሱሪ ስለማያልፍላቸው በአንሶላ ተጠቅልለው ይተኙ ነበር፤ ተነሥተው በምርኩዝ እንዲለማመዱ ቢለመኑም አሻፈረኝ ይሉ ነበር፤ ሐኪሞቹም ሕመሙን ፈርተው ነው ብለው ደምድመዋል። ጋሽ ልክ የታጠፈ አንሶላ ተሸክመው ሲገቡ ግን፣ አንድ ትልቅ ሰው፣ ዓሣ አጥማጅ፣ አንሶላውን በሁለት እጁ ወገቡ ላይ ጨምድዶ እንደያዘ አዩ። አንሶላ የያዘ እጅ ምርኩዝ ሊይዝ አይችልም። ነገሩ የሐኪም ሳይሆን የሰፊ መሆኑ ወዲያው ገባቸው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ መኪና ባይኖር በእጅ መርፌ፣ ጨርቅ ባይኖር ሊጣል ከተቀመጠ መጋረጃ፣ አንድ ጎኑ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት ክፍት ሆኖ በማሰሪያ የሚቋጠር ሱሪ ሰፍተው በማግሥቱ ወሰዱለት፤ ልኩን በዓይናቸው ነበር የወሰዱት። ዓሣ አጥማጁ ሱሪውን አስሮ፣ ሁለቱን ምርኩዞች ጨብጦ፣ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሄዶ ተመለሰ፤ በየአልጋው ያሉትም በየቋንቋቸው «የእኔስ?» ማለት ጀመሩ።

ሁለቱ ሳምንታት ሳያልቁ ሃያ ሦስት ሕሙማን በመጋረጃ ሱሪ ኮሪደሩን አጣበቡት። አስተዳዳሪዋ መጋረጃው የት እንደገባ ሊጠይቁ መጥተው፣ መጋረጃው በእግሩ ሲሄድ አገኙት፤ ከሰዓት በኋላም የመመለሻውን ትኬት ሰረዙ። በተረኞች ሰሌዳ ላይ አዲስ የሥራ ክፍል ታከለ፤ ስሙም «ስፌት» ተባለ። እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ለሁለት ዓመት የሄዱት ባልና ሚስት ዘጠኝ ዓመት አገለገሉ። መኝታ ክፍላቸው አንዱ ሲለብስ ሌላው አልጋ ላይ ካልወጣ የማትበቃ ነበረች፤ መርከቡ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጋሽ ልክ እስከ መጨረሻው ጉዞ ድረስ ማስታወክ አልተዉም፤ ይሁንና ሲስተር እንደሚመሰክሩት የሕይወታቸው ደስተኛ ዓመታት እነዚያ ነበሩ። ክንዳቸው ተቃጥሎ እጃቸውን ማንሣት ለማይችሉ ትከሻ ላይ የሚቆለፍ ሸሚዝ፣ ፊታቸው ላይ የነበረው ዕጢ ወጥቶላቸው በጠባሳው ለሚያፍሩ ሴቶች አንገትና ጉንጭን የሚያለብስ ስስ ሻሽ ሰፉ። ዋናው ቀዶ ሐኪምም ለእንግዳ ሲያስተዋውቋቸው «እኔ ቆዳውን እሰፋለሁ፤ ሰውየውን ግን ከአልጋ የሚያስነሡት እርሳቸው ናቸው» ይሉ ነበር። በአራተኛው ዓመት ይህ አንባቢ ሊጠይቃቸው ሄዶ፣ በጎረምሳነቱ የተናገረውን አንሥቶ ይቅርታ ለመነ። ጋሽ ልክ ከላይ እስከ ታች አይተውት «ይልቅ እጅህን ዘርጋ፤ እጅጌህ አጥሮሃል» አሉት። ጨርሰው እስኪያረዝሙለት ድረስም አጠገባቸው ተቀምጦ አለቀሰ።

ወደ ቤታቸው ተመልሰው ጠባቧን ሱቅ ዳግም ከከፈቱ በኋላ ስድስት የሰላም ዓመታት ኖሩ፤ ራሳቸውን ጓዝ ብለው ሲጠሩም ዳግመኛ የሰማ የለም። ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸው ታሞ ሲታከሙ ቆዩ። ሆስፒታል በተኙበት ቀን፣ ከኋላ ክፍት የሆነውን የታማሚ ልብስ አገላብጠው አይተው «ይህን የሰፋው ሰው ታሞ አያውቅም» ብለው ክፍሉን ሁሉ አሳቁ፤ ክርና መርፌ አስመጥተውም የራሳቸውንና የአጎራባቾቻቸውን አስተካከሉ። ሞትን ሲፈሩ አላየናቸውም። አንድ ነገር ብቻ ከበዳቸው፤ ለሲስተር «ያለ አንቺ የትም ሄጄ አላውቅም እኮ» አሏቸው። ሲስተርም እንደ ነርስ ሳይሆን እንደ ሚስት መለሱላቸው፤ «አንተ ቦታውን ያዝ፤ እኔ ሥራዬን ጨርሼ እመጣለሁ» አሏቸው። በመጨረሻው ጠዋት እጃቸው በሲስተር እጅ ውስጥ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ትናንት ለቤተሰቡ ሲነበብ ሲስተር አንድ ቃል ብቻ እንዲታረም አዘዙ። እንደ ልማዱ «ከባለቤታቸው በሞት ተለዩ» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ሲስተር «አልተለየኝም፤ ቀደመኝ በሉ» አሉ። ስለዚህ ታርሞ እንዲህ ይነበባል። ጋሽ ልክ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ባለቤታቸውን ቀደሙ።

ከኋላቸው የሚከተሉት የአርባ አንድ ዓመት ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አንድ አማቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸው፣ ሁለት ወንድሞቻቸውና አንዲት እህታቸው፣ እንዲሁም ዛሬ በየወደቡ በእግራቸው የሚሄዱ፣ ማረፋቸውን ያልሰሙ ብዙ ሰዎች ናቸው። ሕሙማንን የሚወድ አምላክ የአገልጋዩን ነፍስ በዕረፍቱ ስፍራ ያኑርልን፤ ለቀሪዎቹ ሁሉ መጽናናትን፣ ለሲስተርም እስከ ቀጠሯቸው ድረስ ብርታትን ይስጥልን። አሜን።