አልኮል የጠጣ ገበቴ

ባለፈው ሚያዝያ ከከተማችን ታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ወደ ሴቻ ስወጣ ዝናብ ደረሰብኝና የአቶ ገነነ እንጨት ሥራ ቤት በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። መምህር ነኝና ክርክር ሰምቼ ማለፍ አይሆንልኝም፤ የዚያን ቀኑን ደግሞ እስከ ዛሬ ሳወራው ደስ ይለኛል።

አቶ ገነነ ከጠርዙ እስከ መሀሉ የተሰነጠቀ ትልቅ ገበቴ ታቅፈው ተቀምጠዋል። በእንጨት ሥራ ሙያ ከኮሌጅ የተመረቀችው የወንድማቸው ልጅ ፌቨን አጠገባቸው ቆማለች።

«ሲሰነጠቅብኝ ይህ ሁለተኛው ነው» አሉኝ። «ወይዘሮ ሐሊማ ለልጃቸው ሰርግ ያዘዙኝ ነው። ሰርጉ ደርሷል፣ ደረቅ ዋንዛ የለኝም። አልችልም ብዬ ልልክባቸው ነው። እንጨት እያሽከረከርኩ ለምቀርጽበት ማሽን፣ ለቶርኖውም ገዢ አግኝቼለታለሁ፤ ከእንግዲህ በቃኝ።»

«ጋሼ፣ ከእርጥቡ እንጨት ገና በሻካራው የፈለፈሉት አንድ ቀርቶናል» አለች ፌቨን። «እሱን አልኮል ውስጥ እንዘፍዝፈው።»

«ሰማህ መምህር? ገበቴውን አረቄ አጠጣው ትለኛለች። አረቄ እኔ ቤት አይገባም፤ ወይዘሮ ሐሊማ ደግሞ ሙስሊም ናቸው። ምን ይሉኛል?»

«አረቄ አይደለም። መርፌ ሲወጉ ክንድዎን የሚጠርጉበት ነው።»

«አባቴ ጥላ ሥር ዓመት አስቀምጦ ነበር የሚያደርቀው።»

«ዓመት አለን?»

«የለንም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እርጥብ ዋንዛ ላዩ ቀድሞ ይደርቃል፤ ሆዱ ገና ውሃ ነው። ላዩ ሲኮማተር ሆዱ እምቢ ይላል፣ ያኔ ይሰነጠቃል። እርስዎ ደግሞ ቶሎ ይድረቅ ብለው ምድጃ አጠገብ አኖሩት። አልኮሉ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ቶሎ ይተናል። ጀርባውን በወረቀት ጠቅልለን አፉን ክፍት እንተወዋለን፣ ውስጡ ቀድሞ እንዲደርቅ። እሳት ግን አጠገቡ ድርሽ አይበል።»

እኔ ልጅቷ ስትናገር መቀመጥ አቃተኝ። ዕውቀት እንዲህ ከእጅ ሥራ ጋር ሲገናኝ ማየት የምመኘው ነገር ነው። «ባለ ገበቴዋ ይጠየቁ» አልኩና ደወልን።

ወይዘሮ ሐሊማ አዳመጡና «ይጠጣል?» አሉ።

«አይጠጣም፣ ሰው ይጎዳል» አለች ፌቨን።

«ከደረቀ በኋላ ገበቴው ላይ ይቀራል?»

«አይቀርም። ሽታው ካለ አንሰጥዎትም።»

«አልኮል ያለበትን እጅ ማጽጃ እኔም ሱቄ ውስጥ እሸጣለሁ። አድርጉት ጋሽ ገነነ፤ መጥቼ ግን አሸተዋለሁ።»

ገበቴው በተከደነ በርሜል ተዘፍዝፎ አደረ፣ ከዚያ ጀርባው በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ወደ ውስጡ አየር እንዲገባ ከሥሩ እንጨት ተደርጎለት ጥላ ሥር ተደፋ። ፌቨን ጠዋት ጠዋት ከጎረቤት የሽንኩርት ሚዛን ተውሳ ትመዝነዋለች። እኔም ከትምህርት ቤት ስወጣ ሳላየው አላልፍም። ክብደቱ ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ከሳምንት በላይ ሲሆነው መቀነሱን አቆመ። ደርቋል። ጠርዙ ትንሽ ተጣምሟል፣ ስንጥቅ ግን የለም።

አቶ ገነነ ቶርኖው ላይ መልሰው አቀኑት፣ ዘይት ቀቡት። ወይዘሮ ሐሊማ መጡና አፍንጫቸውን ገበቴው ውስጥ ከተቱ።

«እንጨት እንጨት ነው የሚለው» አሉ፣ ታቅፈውትም ወጡ።

አቶ ገነነ ወደ እኔ ዞሩ። «ተመልከት መምህር፤ ዓመት የሚጠብቀው ሥራ በሳምንታት አለቀ። ተሰነጠቀ ብዬ ስንቱን ዋንዛ ነው ለማገዶ የሰጠሁት! ዛፉም ይተርፋል፣ የሰው ሰርግም አይጓጎልም። ይህን ገረሴ ከተማ ላሉት እንጨት ጠራቢዎችም መንገር አለብን።»

ከዚያ የሚጠራውን ስልካቸውን ለፌቨን ሰጧት።

«የቶርኖው ገዢ ነው፤ አይሸጥም በይው። እኔ አፍራለሁ።»